ደጋግሞ የሚነድ ቤት፦ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ሕንፃን እንዴት እናቅድ፣ እንዴት እንያዘው

ማንኛውም ቤት ሲሠራ እሳት እንዳይነካው ታስቦ ነው። ይሄኛው ግን ሆን ተብሎ ይለኮሳል። ዛሬ ይነዳል፣ በውኃ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ክፍል እንደገና ይነዳል። እንዲህ እያለ ዓመታት ይቆጠራሉ። ውስጡ ተንበርክከው የሚገቡት ደግሞ ገና ሥራውን የሚማሩ ልጆች ናቸው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ማሠልጠኛ ለመሥራት ለምታስቡ ነው። ሠርታችሁ ጣሪያው ሲላጥ እያያችሁ «ችግር የለም፣ ገና ይቆያል» ለምትሉም ነው። አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ይከተላል፦ ይህ ሕንፃ ከመጀመሪያዋ ክብሪት ጀምሮ እያለቀ የሚሄድ ዕቃ ነው፣ ልክ እንደ መኪና ጎማ። የጎማ ማለቅ ግን በዓይን ይታያል። የዚህ ቤት ማለቅ ሽፋኑ ሥር ተደብቆ ነው የሚቆየው።

«አሮጌ ቤት አናቃጥልም እንዴ?»

ስለ በጀት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ሐሳብ ይሄ ነው። ሊፈርስ የተዘጋጀ ቤት አለ፣ ለምን ገንዘብ እናወጣለን? አሜሪካኖች ለረጅም ዘመን እንዲህ ነበር የሚያሠለጥኑት፣ አሁንም የሚያደርጉት አሉ። የከፈሉትን ዋጋ ግን እንይ።

በጥር 1982 በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ፣ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ በተደረገ ሥልጠና ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው በ1986 የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 1403 የሚባለውን የሥልጠና ደረጃ ያወጣው። ደረጃው ወጣ ማለት ግን ሁሉም አነበበው ማለት አይደለም። በ2001 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሌርድስቪል በምትባል ትንሽ ቦታ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ የማያውቅ የ19 ዓመት ወጣት የተጎጂ ሰው ሚና ተሰጥቶት ፎቅ ላይ እንዲተኛ ተደረገ። ታች የስፖንጅ ሶፋ ተለኮሰ። ልጁ አልወጣም። ሥልጠናውን የመራው ኃላፊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት። በ2007 ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ፣ ሰው ያልነበረበት ቤት ብዙ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ተለኩሶ አንዲት ሠልጣኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሕይወቷ አለፈ።

እያንዳንዱ መመሪያ የሞተ ሰው አለበት የምለው ለዚህ ነው። ሰውን ተጎጂ አድርጎ ማስተኛት ክልክል ነው፣ አሻንጉሊት ተጠቀሙ። በአሮጌ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ እሳት በላይ አይለኮስም። ስፖንጅ፣ ፕላስቲክ፣ ቤንዚን አይነካም። አሮጌ ቤት ከግድግዳው ኋላ ምን እንዳለ አይነግራችሁም። እኛ አገር ብታስቡት ደግሞ የጭቃ ግድግዳ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ፣ ከላዩ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ያ ኮርኒስ እየቀለጠ የሚወርድ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሲቃጠል ምን እንደሚሆን ሠልጣኙ ማወቅ አለበት፣ ግን በመጀመሪያ ሳምንቱ በራሱ አናት ላይ አይደለም። ለዚህ ነው ታስቦ የተሠራ ማሠልጠኛ የሚያስፈልገው።

ከንድፉ በፊት ምን ታስተምሩበታላችሁ?

ብዙ ቦታ ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። አራት ፎቅ ማማ ይሠራል፣ ያምራል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከዚያ ሁሉም ክፍል ውስጥ እሳት ይነዳል። አያስፈልግም። እሳት የሚነድባቸውን ክፍሎች ሁለት ወይም ሦስት አድርጓቸው። ሌላው ክፍል ለፍለጋ፣ ለመሰላል፣ ቱቦ በደረጃ ለመጎተት፣ በጭስ ማሽን ለመለማመድ ይሁን። የሚነደው ክፍል ባነሰ ቁጥር የምትጠግኑት ያንሳል።

የሚነደው ክፍል የት ይቀመጥ የሚለው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከደረጃው ሥር አታድርጉት፣ መውጫ መንገዱ ጭስ ማውጫ ይሆናል። ከላዩ ሰው የሚቆምበት ወለል ካለ፣ የዚያ ክፍል ጣሪያ ለላይኛው ሰው መሬቱ ነው። እያንዳንዱ እሳት ያንን መሬት ያዳክማል። ስለዚህ ለብቻው የወጣ፣ ከላዩ ምንም የሌለበት ክፍል ከተቻለ እሱን ምረጡ። ሁለት መውጫ ይኑረው። መስኮቱ ከውስጥም ከውጭም ይከፈት። ቁልፍ የሚባል ነገር አይኑር።

እንጨት ወይስ ጋዝ? ሁለቱም መልካም ጎን አላቸው። በጋዝ የሚሠራው ሲጠፋ ወዲያው ይጠፋል፣ አሠልጣኙ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሁሉን ያቆማል፣ ሕንፃውንም ብዙም አይጎዳም። ግን እሳቱ አያድግም፣ ጭሱም እንደ እውነተኛው ሲወርድና ሲንከባለል አይታይም። ሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጠቋሚው መሣሪያ ከወለሉ ቅርብ ይሁን፣ ጋዝ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አይኑር፣ መዝጊያው ውጭ ሰው የሚደርስበት ቦታ ይሁን። እንጨቱ እውነተኛውን ባሕርይ ያሳያል፣ ዋጋውን ግን ሕንፃው ይከፍላል። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ለጀማሪ ጋዝ፣ ለበሰለ ሠራተኛ እንጨት። በጀቱ ለአንድ ብቻ ከሆነ እንጨት፣ ነገር ግን በትንሽ ማገዶ።

ኮንክሪቱ፣ ብረቱ፣ ኮንቴይነሩ

ተራ ኮንክሪት ውስጥ ምንጊዜም እርጥበት አለ። ሲግል እርጥበቱ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ቁራጩ እየተፈነጠረ ይወጣል። ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ደግሞ ራሱ ኮንክሪቱ ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝም አይመለስለትም። በሚነድ ክፍል ጣሪያ ሥር ሙቀቱ 500 እና 600 ይደርሳል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበታል። ብርጭቆ ላይ የፈላ ውኃ ስታፈሱ የሚሆነውን አስቡት፣ እዚህ በተገላቢጦሽ ነው።

ብረትስ? ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል። ደግሞ ይለጠጣል። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ምሰሶ በ500 ዲግሪ ሲግል ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቦታ ካልተተወለት ግድግዳውን ይገፋዋል። ስንጥቅ ሲወጣ «ግንበኛው ነው» ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለመለጠጫ የሚሆን ክፍተት ስላልተተወ ነው።

ስለዚህ የሚነደው ክፍል ግድግዳና ጣሪያ ሙቀት የሚችል ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ ከግድግዳው ጋር አይጣበቅም፣ በመካከሉ አየር ይተዋል። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ይበል፣ የሽፋኑ ሰሌዳ ሲለጠጥ ይንቀሳቀስ ዘንድ። አጥብቆ የታሰረ ሰሌዳ ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰነጠቃል።

አንዳንዱ «ምን ሽፋን ያስፈልጋል፣ ሙቀት በሚችለው በካልሲየም አሉሚኔት ሲሚንቶ ሙሉውን እንሥራው» ይላል። ተጠንቀቁ። ይህ ሲሚንቶ ሙቀት ይችላል፣ ለምድጃ የተፈጠረ ነው። ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት የውስጥ ቅንጣቱ ይለወጥና ይደክማል። በእንግሊዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ጣሪያዎች የወደቁት ይኸው ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆኖ ስለተሠራበት ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ሥራው ሁሉ ሙቀትና ውኃ ነው። ሽፋን ይሁን፣ ተሸካሚ አታድርጉት።

ገንዘብ ለሌለው የመርከብ ኮንቴይነር ጥሩ መነሻ ነው። እሳት ከመስፋፋት አልፎ ክፍሉን በአንዴ የሚያጋይበትን ቅጽበት ለማሳየት በኮንቴይነር ማሠልጠን በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ ዘዴ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ። አንደኛ፣ የኮንቴይነር ወለል ኮምፔንሳቶ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት ተነክሮ ነው የሚሠራው። ሳታነሱት እንዳትለኩሱ። አንሱና በጡብ ወይም በብረት ተኩት። ሁለተኛ፣ የኮንቴይነር ጉልበቱ አራቱ ማዕዘኖቹና ቆርቆሮው ላይ ያለው ሽብሽብ ነው። በርና መስኮት ስትቆርጡለት ያን ጉልበት እየቆረጣችሁ ነው። የተቆረጠው ዙሪያ በብረት ክፈፍ ይጠናከር። ደራርባችሁ ፎቅ ልታደርጉት ከሆነ ደግሞ ለበያጅ ብቻ አትተዉት፣ መሐንዲስ ያስላው።

ቦታውና ውኃው

ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳታውቁ ቦታ አትምረጡ። ጭሱ ትምህርት ቤት ላይ ወይም አስፋልት ላይ የሚሄድ ከሆነ በሁለተኛው ወር አቤቱታ ይመጣል፣ ልክም ናቸው። የሚፈሰው ውኃ ደግሞ ዝም ብሎ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ፊስክቪል የሚባለው ትልቅ የእሳት አደጋ ማሠልጠኛ በ2015 ለዘለቄታው ተዘጋ። ያስዘጋው አፈሩና ውኃው ለዓመታት በኬሚካልና በአረፋ መበከሉ ነው። ወለሉ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ውኃው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይሰብሰብ፣ አመድና ጥቀርሻው እዚያ ይቅር። ለልምምድ ውኃ በቂ ነው፣ አረፋ አታስገቡ።

ስሌቱን በቀላሉ እንሥራው። አንድ እሳቱን የሚያጠፋ የማጥቂያ ቱቦ፣ አንድ መጠባበቂያ ቱቦ። እያንዳንዱ ቢያንስ በደቂቃ 360 ሊትር። ለአሥር ደቂቃ ሁለቱ 7,200 ሊትር ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ ግማሹን ጨምሩ፣ 10,800 ሊትር። ሁለቱ ቱቦዎች ከአንድ ቦቴ አይጠጡ። አንዱ ፓምፕ ጸጥ ሲል ሌላው መሥራት አለበት።

የሚለኮስበት ቀን

ማገዶው ደረቅ፣ ንጹሕ፣ የታወቀ ይሁን። ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) እና ጭድ። እኛ አገር የጤፍ ጭድና ያልተቀባ ባሕር ዛፍ በቂ ነው። ቀለም የተቀባ፣ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ፣ የድሮ የመብራት ምሰሶ፣ ቺፕውድ አይግባ። ቺፕውድ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ሲነድ መርዝ ነው። ሁለት ሦስት ፓሌትና አንድ እስር ጭድ ጀማሪን ለማስተማር ይበቃል። «ትንሽ እንጨምር፣ ልጆቹ ይሙቃቸው» የሚል አሠልጣኝ ካለ፣ ያን ቀን ሕንፃውንም ልጆቹንም እየጎዳ ነው። እንጨቱ ወለሉ ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የብረት ፍርግርግ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳውም ይራቅ።

ከመለኮሱ በፊት ሁሉም ሰው፣ ሹፌሩም ጭምር፣ ሕንፃውን በእግሩ ይዙረው። መውጫውን በእጁ ይንካው። ለአምስት ሠልጣኝ ቢያንስ አንድ አሠልጣኝ ይኑር። ሌላ ሥራ የሌለው፣ ደህንነትን ብቻ የሚመለከት አንድ ሰው ይመደብ፣ «አቁሙ» ሲል ማዕረግ ሳይጠየቅ ይቆማል። ውጭ ልብሱን ለብሶ ቱቦ ይዞ የሚጠብቅ የነፍስ አድን ቡድን ይኑር። የሚለኩሰው አንድ ሰው ነው፣ ከአጠገቡ ውኃ የሞላ ቱቦ የያዘ ይቆማል። የመውጫው ምልክት ምን እንደሆነ ተነግሮ ብቻ አይታለፍ፣ ይነፋና ሁሉም ይስማው።

ከክረምት በኋላ የመጀመሪያውን እሳት በተለይ ቀስ አድርጉት። ሕንፃው ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ጠጥቷል። በአንዴ ካጋላችሁት ግድግዳው ይፈነጠራል። ሠልጣኝ ሳይኖር በትንሽ እሳት አድርቁት፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ሥልጠናውን ጀምሩ።

ጥገናው፣ ማንም የማይወደው ክፍል

እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ይሄ ነው ዋናው።

መዝገብ ያዙ። ተራ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ የትኛው ክፍል፣ ስንት ጊዜ ተለኮሰ፣ ምን ማገዶ፣ ጣሪያው ሥር የተለካው ከፍተኛ ሙቀት፣ ምን ተሰበረ። ጣሪያው ሥርና ከሽፋኑ ኋላ ሙቀት መለኪያ ሽቦ ቢገጠም በጣም ጥሩ ነው። የፊቱ 500 ሲል የኋላው 80 ከሆነ ሽፋኑ ሥራውን እየሠራ ነው። የኋላው በየወሩ እየጨመረ ከመጣ፣ ሽፋኑ ከመውደቁ በፊት ነገራችሁ ማለት ነው።

በማግሥቱ፣ ሕንፃው ሲቀዘቅዝ፣ አመዱ ይውጣ። እርጥብ አመድ ብረቱ ሥር ከተኛ ያዝገዋል። የሚጠርገው ሰው ማስክና ጓንት ያድርግ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር ከሚያስከትሉት ምድብ የመጀመሪያው ውስጥ አስገብቶታል። አሠልጣኙ ደግሞ ከማንም በላይ ጭስ ውስጥ ይውላል። «ጠፍቷል እኮ» ብሎ ማስኩን አውልቆ የሚገባውን ወጣት አስቁሙት። የለበሰው ልብስ ታጥቦ ይቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ተጥሎ ወደ ቤት አይሂድ።

ከዚያ መዶሻ ይዛችሁ ዙሩ። አነስ ያለች መዶሻ። ግድግዳውንና ጣሪያውን በየክንዱ ርቀት ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጤነኛ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ክንዳችሁም ላይ ይመልሳል። ከውስጥ የተላቀቀው ግን የታፈነ፣ ባዶ ሣጥን የመምታት ድምፅ አለው። አንድ ግቢ ውስጥ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ በዓይን ምንም የማይወጣለት ጣሪያ ከአንድ ጥግ ጀምረን ስንመታ መጣን። ጥርት፣ ጥርት፣ ጥርት፣ ከዚያ ድንገት ዱብ። የሚመታው ሰው መዶሻውን አወረደና ዝም አለ። በጠመኔ ከበብነው፣ የምግብ ጠረጴዛ ያክላል። ከሱ ሥር በየሳምንቱ ሠልጣኞች ይንበረከኩ ነበር።

ስንጥቅ ስታገኙ ሁለቱን ጫፍ በማይጠፋ ቀለም ምልክት አድርጉና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ምልክቱን አልፎ ከሄደ ስንጥቁ በሕይወት አለ ማለት ነው፣ መሐንዲስ ጥሩ። ፌሮ ከታየ ያ ክፍል አይለኮስም፣ አለቀ። በሲሚንቶ ለስኖ መሸፈን ጥገና አይደለም። ልስኑ በሚቀጥለው እሳት ተፈንጥሮ ይወድቃል፣ እስከዚያው ደግሞ ቁስሉን ከማየት ይከለክላችኋል።

በሩን በዓይን አትፈትሹት። ጓንት አድርጉ፣ ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና ክፈቱት። በዚያ ሁኔታ ካልተከፈተ አይከፈትም። ብረት በር ሲግል ይጠመማልና ከሥሩና ከጎኑ ክፍተት ይተዉለት፣ ማጠፊያው ይቀባ። የመስኮት መዝጊያ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የወለል ፍሳሽ፣ ሁሉም በየሥልጠናው በፊት አንድ ጊዜ ይነካ።

በየጊዜው የሽፋኑ የተወሰነ ክፍል ተፈትቶ ኋላው ያለው ኮንክሪትና ብረት መታየት አለበት። ይሄ ሥራ ያሰለቻል፣ ገንዘብም ይወስዳል፣ ስለዚህ ሁሉም ይዘለዋል። እኔ የምመክረው በዓመት አንዴ ሙሉ ፍተሻ በራሳችሁ፣ በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕንፃ የሚያውቅ የመዋቅር መሐንዲስ ነው። በኮንዶሚኒየም የጎበዘ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ያውቃል ማለት አይደለም፣ ጠይቁት። ወጪው ሕንፃው በሚሠራበት ቀን በጀት ውስጥ ይግባ። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ለጥገና ገንዘብ የሚሰጥ አላየሁም።

አንድ ቀን ደግሞ መሐንዲሱ «ከዚህ በኋላ እሳት አይነድበትም» ይላችኋል። ያ ቀን ሲመጣ አትከራከሩት። ሕንፃው ለመሰላል፣ ለፍለጋ፣ ለጭስ ማሽን ገና ያገለግላል፣ ሸክሙን የሚችል መሆኑን እሱው ይወስን። እሳት የነደደበትን ክፍል ግን የብረት ፍርግርጉን አውጡለት፣ በሩ ላይ በትልቁ «አይለኮስም» ብላችሁ ጻፉ፣ አጠገቡ የተከመረውን ፓሌትም የዚያኑ ዕለት ከግቢው አስወጡ። ፓሌቱ እዚያው ካለ አንድ ቅዳሜ አንድ ሰው «ለዛሬ ብቻ» ማለቱ አይቀርም።